አክተሩ የታለ?

አዲስ አበባ ውስጥ በሲኒማ ቤት ወንበር ላይ ያደገ ሰው አንድ የማይሻር ሕግ ያውቃል፦ አክተር አይሞትም። እዚህ ላይ «አክተር» ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ሁሉ ተዋናይ ነው፤ አክተር ግን አንድ ብቻ ነው። ጥይት እንደ በረዶ ሲወርድበት የሚበሳው ባርኔጣው ነው። ከሰገነት ሲዘል ፈረሱ ከሥር ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢቆስል እንኳ የሚቆስለው ትከሻው ላይ ነው፤ ለዚያውም ልጅቷ ቀሚሷን ቀድዳ እንድታስርለት። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ሰፈር መጥቶ ሲተርክ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ታሪኩ ምንድነው?» ሳይሆን «አክተሩ ማነው?» የሚል ነበር። እሱ ከታወቀ በኋላ ልብ ያርፋል፤ ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ጋሼ ሕጉን በሲኒማ ራስና በሲኒማ ኢትዮጵያ ተምረው፣ ከሻንጣቸው ጋር ይዘውት አሜሪካ የገቡ፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ታክሲ እየነዱ ሦስት ልጅ ያስተማሩ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 2007፣ ኢትዮጵያ አዲሱን ሚሊኒየም ከተቀበለች ሁለት ወር አልፏት ሳለ፣ የእህታቸው ልጅ «ጋሼ፣ ካውቦይ ፊልም ወጥቷል፤ ልጋብዝዎት» አላቸው። ጋሼ ሲኒማ ቤት ከገቡ ዓመታት አልፈዋል። ካውቦይ ከተባለ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ማን ማን ይሠራበታል?» አሉ።

ልጁ ሃቪየር ባርዴም የሚባል ስፔናዊ፣ ጆሽ ብሮሊንና ቶሚ ሊ ጆንስ አላቸው። እሳቸው የሚያውቁት የመጨረሻውን ብቻ ነበር።

«በቃ እሱ ነዋ አክተሩ!» ብለው ኮታቸውን አነሡ። ስህተቱ እዚያው ቤት በር ላይ ተጀመረ።

መኪና ውስጥ የፊልሙን ስም ጠየቁ። «ኖ ካንትሪ ፎር ኦልድ ሜን»። ለሽማግሌ የማይሆን አገር እንደ ማለት ነው። ጋሼ መስታወቱን ዝቅ አድርገው ትንሽ አየር ወሰዱና «ይህንን ለማወቅ ቲኬት መቁረጥ ያስፈልጋል? እኔን ብትጠይቀኝ በነጻ እነግርህ አልነበር?» አሉ። ልጁ ርዕሱ ከአየርላንዳዊው ባለቅኔ ከዬትስ ግጥም መነሻ ላይ የተወሰደ መሆኑን፣ ኮርማክ ማካርቲ የሚባል ደራሲ በ2005 ለልቦለዱ እንደሰጠው፣ ጆኤልና ኢታን ኮኤን የሚባሉ ወንድማማቾች ደግሞ ልቦለዱን ፊልም እንዳደረጉት ሊያስረዳ ሞከረ። «ወንድማማቾች ተስማምተው ከሠሩት ጥሩ ነው» አሉ። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት የሰጡት የመጨረሻው መልካም አስተያየት ይኸው ነበር።

ፈንዲሻው ላይም ቅሬታ አላቸው። ባልዲ የሚያህል ካርቶን ሙሉ ፈንዲሻ፣ በላዩ ቅቤ የሚመስል ቢጫ ነገር ፈሶበት፣ ያለ ቡና! ፈንዲሻ ያለ ቡና ምን ይባላል? ሆኖም ልጁ ገዝቶታልና ታቅፈውት ተቀመጡ። ይህ ባልዲ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

ፊልሙ ቴክሳስ ነው፤ ዘመኑ 1980። ምዕራብ ቴክሳስ ባዶ ሜዳ፣ ደረቅ ሣር፣ የሽቦ አጥር፣ ነፋስ ብቻ ነው። የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ስለ ድሮ ሸሪፎች ያወራል፤ ከእነሱ መካከል መሣሪያ ሳይዙ የኖሩ እንደነበሩ ይናገራል። ድምፁ የቶሚ ሊ ጆንስ ነው። ጋሼ የልጁን ክርን ነካ አደረጉ፦ አላልኩህም?

ወዲያው አንድ ወጣት ፖሊስ፣ ጸጉሩ በሳህን ተለክቶ የተቆረጠ የሚመስል ሰውዬ በካቴና አስሮ ጣቢያ ያስገባል። ጀርባውን ሰጥቶት ስልክ ያወራል፤ ነገሩ ሁሉ በቁጥጥር ሥር ነው እያለ። እስረኛው ከኋላ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ሲኒማ ራስ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኋላህን! ዞር በል!» ብሎ ይጮህ ነበር። እዚህ ግን ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። ጋሼ ብቻቸውን «ዙር!» አሉ፤ ለዚያውም በአማርኛ። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴት ዞረች። ፖሊሱ አልዞረም። እስረኛው በካቴናው ሰንሰለት አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ጣለው፤ ካሜራውም የሟቹ ጫማ ወለሉን እየጫረ የተወውን ጥቁር መስመር ከላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ አሳየ። ገዳዩ ታጠበና ወጣ። ስሙ አንቶን ቺጉር ነው። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወለደው፣ ምን እንደበደሉት ፊልሙ አይናገርም።

የሚቀጥለው ትዕይንት ለታክሲ ነጂ ከዚህ ይከፋል። ቺጉር የፖሊሱን መኪና ይዞ አንድ ሾፌር ያስቆማል፤ እባክዎ ይውረዱ ይላል በትሕትና። አሜሪካ የገባ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ፖሊስ ሲያስቆምህ ከመኪናህ አትውረድ፤ እጅህን መሪው ላይ አድርግ። አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆም ወርዶ መለማመጥ ወግ ነው፤ እዚህ ግን ወርዶ መጠጋት በራስ ላይ አደጋ መጥራት ነው። ጋሼ ይህንን ለስንቱ አዲስ ገቢ አስተምረዋል። ስለዚህ የቴክሳሱ ሰውዬ በሩን ሲከፍት ራሳቸውን ያዙ። ቺጉር ሲሊንደር ይዟል፤ ከሲሊንደሩ ቀጭን ጎማ ወጥቷል።

«ጎሚስታ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ጎሚስታ አይደለም። ቺጉር የጎማውን ጫፍ የሰውዬው ግንባር ላይ አስደግፎ እንዳይነቃነቅ ለመነው። ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰውዬው ወደቀ። መሣሪያው የቄራ ነው። የታመቀ አየር አንድ የብረት ዘንግ አስፈንጥሮ የከብቱን ግንባር ይመታና ዘንጉ ተመልሶ ይገባል። ጥይት የለውም፤ ስለዚህም ቶሚ ሊ ጆንስ የሚሠራው ሸሪፍ ኋላ ስለ ሬሳው ሲሰማ፣ ጥይት ገብቶ ያልወጣበት፣ ውስጥም ያልተገኘበት ቀዳዳ ግራ ያጋባዋል። ቺጉር የበር ቁልፍም የሚሰብረው በዚሁ ነው።

ልብ በሉ፤ ጋሼ ደም የሚፈሩ ሰው አይደሉም። በዓል ሲደርስ ከወዳጆቻቸው ጋር ወደ ሜሪላንድ ገጠር ወርደው በግ የሚባርኩት እሳቸው ናቸው፤ ቅርጫ ሲከፋፈልም መደብ የሚያስተካክሉት እሳቸው ናቸው። ያስደነገጣቸው ደሙ ሳይሆን ትሕትናው ነበር። «እባክዎ» ብሎ መግደል የትም አይተው አያውቁም። ሽፍታ ሲገድል ይሳደባል፣ ይፎክራል፣ ቢያንስ ለምን እንደሚገድል ይናገራል። ይኼኛው እንደ ሐኪም ነው።

እውነቱን ለመናገር «አክተር አይሞትም» የሚለው ሕግ የአዲስ አበባ ተመልካች የፈጠረው አይደለም፤ ከሆሊውድ የተቀዳ ነው። ካውቦይ ፊልም ሲወለድ እንኳ ሽፍቶቹ ሳይቀጡ አልቀሩም። በ1903 የወጣው የኤድዊን ፖርተር «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ርዝመቱ 12 ደቂቃ ያህል ነው፤ በዚያችው 12 ደቂቃ ውስጥ ባቡር ተዘርፎ፣ ሰው ተገድሎ፣ ዘራፊዎቹ ተከብበው ያልቃሉ። ከዚያ ደግሞ አንዱ ሽፍታ ፊት ለፊት ቆሞ ሽጉጡን ወደ ተመልካቹ ይተኩሳል። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ ራሱ የተከለውን የሥነ ምግባር ደንብ አጥብቆ ሥራ ላይ ሲያውል፣ ወንጀለኛ ማሸነፍ የለበትም፣ ኃጢአት ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም የሚል ነገር በጽሑፍ ገባ። ደንቡ በ1968 ተሽሮ በዕድሜ ደረጃ ተተካ። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1969፣ ሳም ፔኪንፓ «ዘ ዋይልድ በንች»ን ሠርቶ፣ በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ደም በዝግታ ሲረጭ አሳየ። ያም ቢሆን እዚያ የሞቱት ተኩሰው፣ ጮኸው፣ ሙዚቃ ታጅበው ነው። ሞታቸው ሞት ይመስላል።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ሌዌሊን ሞስ የሚባል የብየዳ ሠራተኛ፣ የቬትናም ዘማች፣ ሜዳ ላይ አጋዘን ሊያድን ወጥቶ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች የተላለቁበት ቦታ ይደርሳል። መኪኖች ቆመዋል፤ ሰዎች ወድቀዋል፤ ውሻ ሳይቀር ሞቷል። አንድ ሜክሲኳዊ ብቻ ነፍሱ አልወጣችም፤ ውሃ ይላል። ሞስ ውሃ የለኝም ብሎት ያልፋል። ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር የሞተ ሌላ ሰው፣ ከጎኑም ሁለት ሚሊዮን ዶላር የያዘ ቦርሳ ያገኛል። ቦርሳውን ይዞ ከሚስቱ ጋር ወደሚኖርበት ተጎታች ቤት ይገባል።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ሐሳባቸውን ለወጡ። አክተሩ ቶሚ ሊ ጆንስ ሳይሆን ይኼኛው ነው። ጢም አለው፣ ጠመንጃ አለው፣ ሚስቱ ቆንጆ ናት፣ ገንዘብም አግኝቷል። ምን ጎደለው? በሰላም ወንበራቸውን ተደግፈው ፈንዲሻ ዘገኑ።

ሞስ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። ሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ቀዳ። ያን ሰው ሊያጠጣ! ሚስቱ ወዴት ነው ስትለው ሞኝነት ሊሠራ እንደሚሄድ፣ ግን እንደማይቀር ነገራት። እዚያ ሲደርስ ሜክሲኳዊው በጥይት ተመትቶ አልቋል፤ የገንዘቡ ባለቤቶች ኮረብታው ላይ መጥተዋል፤ መኪናው ታየ፣ ታርጋው ተያዘ፣ ማንነቱ ታወቀ። ከዚያ በኋላ በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ የሚፈሰው ደም ሁሉ ከዚያች ጀሪካን የተቀዳ ነው።

ጋሼ ፈንዲሻቸውን አቆሙ። «ቆይ! ገንዘብ ሲሰርቅ ምንም አልሆነም። ውሃ ሊያጠጣ ሲሄድ ነው የተያዘው?» የተጠማን ማጠጣት ከሕፃንነት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የተማሩት ነገር ነው፤ የጽድቅ ሥራ ነው። «ይኼ ፊልም የማን ነው?» አሉ። ልጁ ዝም አለ። የፊልሙን ክፉነት እኚህ ሰው ከብዙ ሐያሲ ቀድመው ያዩት በዚህች ቅጽበት ይመስላል።

ስለ ዝምታው ደግሞ ማንሣት ያስፈልጋል። የጋሼ ዘመን ካውቦይ ፊልም በኤንዮ ሞሪኮኔ ፉጨትና ጊታር የታጀበ ነበር፤ ሙዚቃው ሲጀምር ጥይት እንደሚተኮስ ታውቃለህ፣ ትዘጋጃለህ። ካርተር በርዌል ለዚህኛው ያዘጋጀው ሙዚቃ በጠቅላላው 16 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ አብዛኛው መጨረሻ ላይ ስም ዝርዝር ሲያልፍ የሚሰማ ነው። የቀረው ነፋስ፣ የጫማ ኮቴ፣ የመብራት ጠቅታ ነው። ሞስ ሆቴል ክፍል ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ከበሩ ሥር የቺጉርን ጥላ ሲጠብቅ፣ በሲኒማ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ብቸኛ ድምፅ የጋሼ ፈንዲሻ ነበር። ያቺ ከፊት የተቀመጠችው ሴት ሁለተኛ ዞረች። አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ይዘው፣ ሳያኝኩ፣ ሳይውጡ፣ ተኩሱ እስኪጀምር ቆዩ። ሲጀምርም ለፊልሙ ሳይሆን ለራሳቸው ነጻነት ተነፈሱ።

ሰዎች ይህን ፊልም ሲያነሡ የሚያስታውሱት ነዳጅ ማደያውን ነው። ቺጉር ነዳጅ ቀድቶ፣ ኦቾሎኒ መሰል ነገር ገዝቶ ሊከፍል ቆሟል። ባለ ማደያው ሽማግሌ ለጨዋታ ያህል አገራችሁ ዝናብ አለ ወይ ይለዋል። የመኪናውን ታርጋ አይቶ የዳላስ ሰው መስሎታል። ይኸው ነው ወንጀሉ። ቺጉር ጥያቄውን እንደ ስድብ ቆጠረው፤ ስንት ሰዓት ትተኛለህ፣ ቤትህ የት ነው እያለ አዞረው፤ ያኘከበትን የፕላስቲክ መጠቅለያ ባንኮኒው ላይ ሲጥለው እየተንቆራጠጠ ተፈታ። በመጨረሻ 25 ሳንቲም ወርውሮ በእጁ ከደነና ምረጥ አለው። ሳንቲሙ የ1958 ነው፤ እዚህ ለመድረስ 22 ዓመት ተጉዟል ይለዋል። ሽማግሌው በምን እንደሚወራረድ አያውቅም። ሰው ብሎ መረጠ፤ ሰው ሆነ፤ ተረፈ። አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰም፤ ሆኖም ከፊልሙ ሁሉ የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሁሉ «ከየት ነዎት? አገርዎ ብርዱ እንዴት ነው?» ሲሉ ኖረዋል። አገር ቤትም ዝናቡ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ከጤና ይስጥልኝ አይለይም። ለካ እስከ ዛሬ የተረፉት በዕድል ኖሯል።

ቺጉርን የሚሠራው ሃቪየር ባርዴም ራሱ፣ ኮኤኖች ሲጠሩት፣ መኪና እንደማይነዳ፣ እንግሊዝኛው ደካማ እንደሆነ፣ ዓመፅ እንደሚጠላ ነግሯቸው ነበር ይላል፤ እነሱም የጠራንህ ለዚህ ነው አሉት። ጸጉሩም የተቀዳው በ1979 ከተነሣ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ነው። ጋሼ ኋላ ይህ ሲነገራቸው የተቆጩት በመኪናው ነገር ነው። ፊልሙን ሙሉ የሰው መኪና እየቀማ የሚነዳው መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው ማለት ነው! «ይኼ ሰው በሽተኛ ነው» ያሉት ግን እዚያው ወንበራቸው ላይ ሆነው ነው። በ2014 ሁለት የቤልጂየም የአእምሮ ሐኪሞች አራት መቶ ፊልሞች መርምረው በሲኒማ ከታዩት ርኅራኄ የለሽ ገዳዮች መካከል ለእውነቱ የቀረበው ቺጉር ነው ብለው ጻፉ። ጋሼ የደረሱበት ለመድረስ ሰባት ዓመት ፈጀባቸው።

ይህን ሰው የሚያቆመው ማነው? ሸሪፉ ከኋላ ከኋላ ይደርሳል፤ ገዳዩ ሞስ ቤት ገብቶ ወተት ጠጥቶ ከወጣ በኋላ ሸሪፉ መጥቶ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከዚያው ወተት ይቀዳል። የወተቱ ጠርሙስ ገና ላብ አለው። ያን ያህል ነው የሚቀራረቡት።

በፊልሙ ውስጥ ቺጉርን ያሸነፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም የተጎታች ቤቶቹ ግቢ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለች ወፈር ያለች ሴት ናት። ሞስ የት ነው የሚሠራው ይላታል። ስለ ነዋሪ መረጃ አልሰጥም ትላለች። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግማ እምቢ ትላለች። ትኩር ብሎ ያያታል፤ ትኩር ብላ ታየዋለች። ስንቱን ያስጨነቀ ነፍሰ ገዳይ ከጓዳ የሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ ሰምቶ ወጣ። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። ማስረጃ ሊያወጡ ሄደው በመስኮት «አይቻልም» የተባሉበት ቢሮ ሁሉ በዓይናቸው ላይ ሄደ። የዓለም መንግሥታት ለዚህ ዓይነት ጠላት ጦር ከሚልኩ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢልኩ ይሻላል አሉ።

ተስፋ የጣሉበት ሦስተኛው ሰው ደግሞ ካርሰን ዌልስ ነው፤ ቺጉርን እንዲያስቆም የተቀጠረ አነጋገረ ለስላሳ ባለ ባርኔጣ። የሚሠራው ዉዲ ሃረልሰን ነው። እዚህ ላይ ልቦለድና እውነት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ታሪኩ ከሚፈጸምበት ዘመን ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሜይ 1979፣ ጆን ዉድ የተባለ የፌዴራል ዳኛ በሳን አንቶኒዮ ቴክሳስ ተገድሏል። ለገንዘብ ብሎ ገድሏል ተብሎ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ቻርልስ ሃረልሰን የዉዲ አባት ነው። እስር ቤት የሞተው በማርች 2007 ነው፤ ልጁ ቅጥር ገዳይ ሆኖ የሚታይበት ይህ ፊልም በካን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ሁለት ወር ቆይቶ በሜይ ነበር። ዌልስ ብዙ አልቆየም። ስልክ ሲጠራ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ተተኮሰበት፤ ቺጉር በስልኩ እያወራ ደሙ ወለሉን አቋርጦ ሲመጣበት ጫማው እንዳይነካ እግሩን አንሥቶ አልጋው ላይ ሰቀለ።

«ለጫማው ያዝናል» አሉ ጋሼ።

ከዚያ ያ ነገር ሆነ። ሞስ ኤል ፓሶ ውስጥ አንድ ሞቴል አርፏል። ገንዳው ዳር የተቀመጠች ሴት ቢራ ጋበዘችው። ትዕይንቱ ተቋረጠ። ሸሪፉ እየነዳ ሲመጣ ተኩስ ሰማ፤ ሰዎች በፒክአፕ እየሸሹ አለፉ። ሴትዮዋ ገንዳው ውስጥ ተንሳፍፋለች። ሞስ በሩ ላይ ተጋድሟል።

የገደሉት ገንዘቡን የሚፈልጉት ሜክሲኳውያን ናቸው፤ ቺጉር እንኳ አይደለም። መቼ እንደተተኮሰበት፣ ምን ብሎ እንደሞተ፣ ታግሎ እንደሆነ አልታየም። ጋሼ ይህን ሊቀበሉ አልቻሉም። «ተኝቶ ነው» አሉ። ቀጥለው «ጥይት የማይበሳው ልብስ ለብሶ ይሆናል» አሉ። ሕጉ ሕግ ነውና፤ አክተር እንዲህ በር ላይ፣ ያለ ሙዚቃ፣ ማንም ሳያየው አይሞትም። ሚስቱ ከመኪና ወርዳ ስትመጣ ግን ሸሪፉ ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሼ ይህንን ያውቁታል። ስንት ቤት ማለዳ ሄደው፣ በር አንኳኩተው፣ እንዲሁ ቃል ሳያወጡ ቆመው ያውቃሉ። መርዶ ነው። ያኔ ነው ያመኑት።

«አክተሩ የታለ ታዲያ?» አሉ ቀስ ብለው። በዚያ ሰዓት ማንም መልስ አልነበረውም።

ለፍትሕ አንድ ዕድል ቀርቶ ነበር። ቺጉር የሞስን ሚስት፣ እናቷን ቀብራ በተመለሰችበት ቀን፣ ቤቷ ተቀምጦ ጠበቃት። ሳንቲም ወርውሮ ምረጪ አላት፤ የምትወስነው ሳንቲሟ ሳትሆን አንተ ነህ ብላ አልመርጥም አለችው። ምን እንዳደረጋት አይታይም፤ ሲወጣ የጫማውን ሶል ገልብጦ ስላየ ብቻ እናውቃለን። ከዚያ አረንጓዴ መብራት በርቶለት ሲያልፍ ሌላ መኪና በጎን መጥቶ ከሰከሰው። ጋሼ «ተመስገን!» አሉ፤ ሦስተኛ ጊዜ የዞረችውን ሴት ከቁብ አልቆጠሯትም። ክንዱ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ቺጉር ግን ተነሣ፤ ለሁለት ባለ ብስክሌት ልጆች አንድ መቶ ዶላር ሰጥቶ የአንዱን ሸሚዝ ገዛ፤ ክንዱን አንጠልጥሎ እያነከሰ ሄደ። ሞስም ቀደም ሲል እየደማ ድንበር ሲሻገር ከመንገደኛ ወጣቶች ኮት የገዛው በ500 ዶላር ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ልብስ ውድ ነው።

መጨረሻው ደግሞ ይኸው፦ ጡረታ የወጣው ሸሪፍ ማለዳ ቁርስ ላይ ተቀምጦ ለሚስቱ ሕልሙን ይነግራታል። ሁለት ሕልም ነው፤ ሁለቱም ስለ ሞተው አባቱ። በአንዱ አባቱ የሰጠውን ገንዘብ ጥሏል። በሁለተኛው በብርድና በጨለማ በፈረስ ተራራ ሲያቋርጡ አባቱ በቀንድ እሳት ይዞ ቀድሞት ያልፋል፤ ወደፊት ሄዶ እሳት አንድዶ ሊጠብቀው። ጋሼ ወደፊት ጠጋ አሉ። ሕልም በማለዳ ሲነገር ምን እንደሚደረግ እናታቸው ቡና ላይ አስተምረዋቸዋል፤ ሰሚው መጀመሪያ በጎ ያድርግልህ ይላል፣ ከዚያ ይፈታል። የሸሪፉ ሚስት አፏን ልትከፍት ነው ብለው ሲጠብቁ መጋረጃው ጨለመ። አለቀ።

«ማን ሊፈታው ነው?» ብለው ጮኹ። በዚህ ጊዜ ከፊት ያለችው ሴት ዞራ፣ እሷም እንደማታውቅ በትከሻዋ ነገረቻቸው። አዳራሹ ውስጥ ያጉረመረመው እሳቸው ብቻ አልነበሩም።

በመመለሻው ልጁ ሲከላከል እሳቸው ሲከሱ ቆዩ። በየካቲት ደግሞ ፊልሙ በስምንት ዘርፍ ታጭቶ አራት ኦስካር ወሰደ፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ የተወሰደ ድርሰት፣ ለባርዴምም ምርጥ ረዳት ተዋናይ። ካመለጡት አራቱ አንዱ የአርትዖት ነው፤ በዚህ የታጨው ሮድሪክ ጄይንስ የሚባል ሰው ሲሆን እንዲህ ያለ ሰው በዓለም የለም፤ ኮኤኖች ራሳቸው ፊልማቸውን ሲያርሙ የሚጠቀሙበት የብዕር ስም ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «አክተሩ እሱ ነበር ማለት ነዋ» አሉ። ለባርዴም ስለተሰጠው ሽልማት ግን ቅር አላቸው፤ «ረዳት» የሚለው ነገር። ማንን ነው የረዳው?

ልጁ ለፋሲካ ዲቪዲውን ገዝቶ አመጣላቸው። እንደማያዩት ነግረውት ተቀበሉ። እስካሁን አራት ጊዜ አይተውታል። ወንድማማቾቹን ይቅር አላሉም፤ የቄራውን መሣሪያ ሲያዩ ዛሬም ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የጽሕፈት ቤቷ ሴት ጋ ሲደርስ ግን ወደኋላ መልሰው ደግመው ያያሉ። ሞስ በሌሊት ከሚስቱ ጎን ተነሥቶ ጀሪካኑን ከቧንቧ ሥር ሲያደርግ ደግሞ ከሶፋቸው ሆነው «ተኛ አንተ ልጅ፣ ተኛ» ይሉታል። ሞስ አንድም ቀን ሰምቷቸው አያውቅም።